ፋብሪካው ወይስ የሰላም ድርጅቱ?

ጥያቄ፦ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። ዘንድሮ በማኔጅመንት ተመርቄ ደብረ ብርሃን የሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ሊቀጥረኝ ነው። የምመኘው ግን በሰላም ግንባታ ላይ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ገብቼ ሰውን ከሰው ያራራቀውን ዋልታ ረገጥ ፖለቲካ ለማርገብ መሥራት ነበር። ጓደኞቼ «ፋብሪካ ከትርፍ በቀር ምን ያውቃል?» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

እህቴ፣ ፋብሪካው ግቢ። ይህን የምልሽ ምኞትሽን ላሳንስ አይደለም፤ ምኞትሽ የሚሠራበት ቦታ እዚያ ስለሆነ ነው። የሥልጠና አዳራሽ ሰዎችን ለሁለት ቀን ሰብስቦ ይበትናል። ፋብሪካ ግን ቋንቋቸው፣ እምነታቸውና የፖለቲካ አቋማቸው የተለያየ ሰዎችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ማሽን ላይ ያውላል።

መገናኘት ብቻውን ግን አይበቃም። የሰንበቴን የእሑድ ገበያ ታውቂዋለሽ። አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ለትውልዶች ተገበያይተውበታል፤ ይህም ሆኖ በ2013 ዓ.ም. አጎራባቿ አጣዬ ከመቃጠል አልዳነችም። ገዢና ሻጭ ዋጋ ቆርጠው ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎቹ በእኩልነት ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ለግቡ ሲተባበሩና ባለሥልጣኑም ሲደግፋቸው ነው። በደንብ የተመደበ ፈረቃ አራቱንም ያሟላል። በዘፈቀደ የተመደበ ግን አንዱንም ላያሟላ ይችላል፤ ልዩነቱን የምትፈጥሪው አንቺ ነሽ።

እንዴት? ቅጥር በዘመድ ጥቆማ ሲካሄድ አንድ ፈረቃ ሙሉ በሙሉ የአንድ ቀበሌ ልጆች ይሆናል፤ አለቃውም ከእነርሱ ወገን ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሥራ ሰዓት ጭቅጭቅ ሁሉ የብሔር ጭቅጭቅ መልክ ይይዛል። ስለዚህ የቅጥር ማስታወቂያ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይለጠፍ፤ ፈረቃው ይቀላቀል፤ የእድገት መስፈርቱም ተጽፎ ይታወቅ። በተለይ የዋስ ጉዳይን ተመልከቺ። የከተማ ንብረት ያለው ዋስ አምጡ የሚባል ከሆነ፣ ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ወገኖቻችን ሙያ ቢኖራቸውም በሩ ተዘጋባቸው ማለት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ደጋግመሽ አንብቢው። በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት በሠራተኞች መካከል ማዳላትን ይከለክላል። ከደመወዝ ላይ እንዲሁ መቁረጥንም አይፈቅድም። አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ «ለእገሌ ወገን መዋጮ ከሁሉም ላይ ቁረጪ» ቢልሽ ሕጉን አውጥተሽ አሳዪው። ድርጅት ለአንድ ወገን መቆም የጀመረ ዕለት ግማሽ ሠራተኛውን ባዳ ያደርጋል። ይህ ጉዳይ ያሳስበኛል፤ ብዙ ሥራ አስኪያጆች እንደ ትንሽ ነገር ያልፉታል።

ጓደኞችሽ ስለ ትርፍ ያሉት ትክክል ነው። ትርፉን ግን ለዓላማሽ ተጠቀሚበት። ሥራ አስኪያጁን ስለ ፍቅርና አንድነት አትስበኪው። በየፈረቃው የቀሪዎችን፣ ሥራ የለቀቁትንና የተበላሸውን ምርት መዝግበሽ ውሰጂለት፤ ጠብ ያለበት ፈረቃ ምን ያህል እንደሚያከስረው በቁጥር ይየው።

የንግዱ ዓለም ከፋብሪካ አጥር አልፎም መሥራት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ቱኒዚያ በእስላማዊው ፓርቲና በተቃዋሚዎቹ መካከል ተከፍላ ገደል አፋፍ ላይ ስትደርስ፣ ወይዘሮ ዊዳድ ቡሻማዊ የሚመሩት የአሠሪዎች ኮንፌዴሬሽን በደመወዝ ሲሟገተው ከኖረው የሠራተኞች ማኅበር ጋር ቆመ። ከሰብአዊ መብት ሊግና ከጠበቆች ማኅበር ጋር ሆነው ፖለቲከኞቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፤ በ2015ም አራቱ በጋራ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። አገሪቱ ከዚያ በኋላ ሌላ ፈተና ገጥሟታል፤ ያን ጊዜ የተሠራው ሥራ ግን እውነተኛ ነበር። ቡሻማዊ ከሁለቱም ወገን የተደመጡት ሥራ የሚሰጡና ግብር የሚከፍሉ ድርጅቶች ከኋላቸው ስለነበሩ ይመስለኛል።

ፋብሪካ ጦርነት አያስቆምም፤ መንገድ ሲዘጋ ጥሬ ዕቃውም ምርቱም ይቆማል። ይህን አውቀሽ ግቢ።

አፋን ኦሮሞ ካልቻልሽ ከአሁኑ ጀምሪ። ከከሚሴ አካባቢ የመጣች ሠራተኛ አቤቱታዋን በቋንቋዋ ስትነግርሽ ያለ አስተርጓሚ ብትሰሚያት፣ ለእርሷም ለሙያሽም ትልቅ ነገር ነው።

ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ሰው የሚቀጠረው በምን መንገድ ነው? ፈረቃ የሚደለድለው ማን ነው? አቤቱታ የሚያቀርብ ሠራተኛ ወደ ማን ይሄዳል? ሕጉ የሙከራ ጊዜን ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ወስኗል። ያ ጊዜ አንቺም እነርሱን የምትፈትኚበት ነው። ምደባ እንድታስተካክዪ ከፈቀዱልሽ ቆዪ። ስም እያየሽ እንድትመርጪ ካዘዙሽ ግን የሥራ ልምድ ማስረጃሽን ይዘሽ ወደ ሰላም ድርጅቶቹ አመልክቺ፤ ያኔ ስለ ግጭት የምትነግሪያቸው ከሥራ ቦታ ያየሽውን ይሆናል።