ለአባትሽ የካናቢስ ዘይት ይምጣ ወይ?

ሰላም እህቴ። አባትሽ ስኳር ስላለባቸው ሌሊት ሌሊት እግራቸውን እንደሚያቃጥላቸው፣ ከካናዳ የሚመጣው ዘመዳችሁም የካናቢስ ዘይት ላምጣላቸው ማለቱን ጽፈሻል። ይጠቅማል ወይ፣ ችግርስ ያመጣል ወይ ነው ጥያቄሽ። ከጽሑፍሽ ሥር «ሐሺሽ ነው፣ ተዪው» የሚልም፣ «ተአምር ነው» የሚልም አየሁ። እኔ ደግሞ የማውቀውን ልንገርሽ።

በስኳር የሚመጣ የእግር ማቃጠል ብዙ ጊዜ የነርቭ ሕመም ነው፤ የነርቭ ሕመም ደግሞ በራሴም ደርሷል። አልማዝ ባለጭራ ጎኔ ላይ ወጥቶብኝ ቁስሉ ደረቀ፤ ሕመሙ ግን አልሄደም። ነጠላ እንኳ ሲነካኝ እሳት ነበር። ያኔ ቶሮንቶ ያለው የአክስቴ ልጅ ይህንኑ ዘይት ልላክልሽ አለኝ። እሱ ለወገቡ ይወስደዋል። እዚያ ለሕክምና ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተፈቀደ ነው፤ ከ2018 ወዲህማ ከሱቅ ይገዛል። እውነቱን ንገረኝ ብዬ ስይዘው «ሕመሙ አልጠፋም፣ እንቅልፍ ግን ይወስደኛል» አለኝ። ሳያጋንን ስለነገረኝ ደስ አለኝ።

ጥናቱም ከእሱ ወሬ ብዙ አይርቅም። በ2018 እ.ኤ.አ. ከ100 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ወጥቶ ነበር። ካናቢስ ነክ መድኃኒት ከወሰዱት ውስጥ ሕመማቸው ቢያንስ በ30 በመቶ የቀነሰላቸው ከመቶው 29 ናቸው። ምንም መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ከተሰጣቸው ደግሞ 26። ልዩነቱ ይኸው ነው። ካናቢስ ውስጥ ስላለው የማያሰክር ንጥረ ነገር፣ ስለ ሲቢዲ የሚወራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይደባለቃል። ኤፒዲዮሌክስ የተባለው የሲቢዲ መድኃኒት የተፈቀደው ለአንዳንድ ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች እንጂ ለእግር ማቃጠል አይደለም።

ጠርሙሱ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶች ተመርምረው፣ መጠኑ ላዩ ላይ ከተጻፈው ጋር የገጠመው ሲሶው ያህል ብቻ ነበር። አሥራ ስምንቱ ውስጥ ደግሞ የሚያሰክረው ቲኤችሲ ተገኝቷል። ቲኤችሲ ያዞራል፣ ልብ ያስመታል፣ ሲነሱ የደም ግፊት ይጥላል። ሽንት ቤቱ ግቢ ጥግ ለሆነ፣ ሌሊት ባትሪ ይዞ ለሚወጣ ሽማግሌ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሲቢዲም ቢሆን እንደ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ያሉ መድኃኒቶችን ኃይል ይጨምራል።

ሕጉን ደግሞ እንዳትረሺው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ይከለክላል፣ ካናቢስም እዚያው ውስጥ ነው። የካናዳ ሐኪም ወረቀት ቦሌ ላይ አያድንም። የሚያዘው ደግሞ አባትሽ ሳይሆኑ ለደግነት ብሎ የመጣው ልጅ ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን አይምጣ እላለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔን የረዳኝ አሚትሪፕቲሊን ነው። ርካሽ ነው፣ ፒያሳ ያሉ ፋርማሲዎች ውስጥም አይጠፋም። ጎረቤት «ይሄማ የጭንቀት መድኃኒት ነው፣ ለእብድ ነው የሰጡሽ» ብሎ ሊያስጥለኝ ነበር። እውነት ነው፣ ለድብርትም ይሰጣል። ግን በትንሽ መጠን፣ ማታ ማታ ሲወሰድ የነርቭን ሕመም ያበርዳል። ብዙ ሰው የሚተወው በሦስተኛው ቀን ለውጥ ስላላየ ነው። ሳምንታት ይፈልጋል፣ መጠኑም ቀስ እያለ ይጨመራል። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ይጫጫናል። አባትሽ የልብ ችግር ካለባቸው፣ ሽንታቸው የሚያስቸግራቸው ከሆነ ወይም የዓይን ግፊት ካላቸው ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ጋባፔንቲን የሚባል ሌላም አለ። በተረፈ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ በየማታው መዋጥ ይቅርባቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ማቃጠል ብዙም አይረዳም፣ ለስኳር ሕመምተኛ ኩላሊት ደግሞ ጠላት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ አገር ብዙም ሲጠየቅ አላይም። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን ለዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 መጠንን ይቀንሳል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። የእኛ ጎንደር ሽማግሌ ደግሞ ሁዳዴውንም ፍልሰታውንም ረቡዕና ዓርቡንም ይጾማል። ቢ12 ሲያንስ ራሱ እግር ያቃጥላል፣ ያደነዝዛል። አባትሽ ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ ለክትትል ሲሄዱ «ቢ12 ይታይልኝ» ይበሉ። ጉድለት ከተገኘ መርፌ አለው፤ ዘይት ሳይፈለግ የሚቀል ሕመምም ሊሆን ይችላል።

እግራቸውን በየማታው እዪላቸው፣ በተለይ በጣቶቹ መሃል። የደነዘዘ እግር ጠጠር ቢወጋው አይሰማም። ባዶ እግር ግቢ ውስጥም ቢሆን አይሁን።

ዘመዳችሁ የግድ ነገር ላምጣ ካለ ደግሞ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ያምጣ። እዚህ ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። ማሽናችሁ ላይ የተጻፈውን ስም ፎቶ አንስተሽ ላኪለት፤ የሌላ ማሽን ስትሪፕ አይሠራም።