ሱቅ መዞር ለማይወድ ሰው፣ አስቀድሞ የሚገዛ የቤት ዕቃ

ጅማ ላይ ባለሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው፣ ሱቅ ለሱቅ መዞር ስለማይወዱ ምን እንደሚገዙ መወሰን እንዳቃተዎት ጽፈዋል። ለአሁኑ አልጋ ከነፍራሹ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ይያዙ፤ ሶፋውንና ቁም ሣጥኑን ቢያንስ ለአንድ ወር ያቆዩት። በዚያ ወር ውስጥ ልብስዎ የት ጥግ እንደሚከመርና እንግዳ ሲመጣ የት መቀመጥ እንደሚቀናው ቤቱ ራሱ ያሳይዎታል። መቀመጫ ካነሰ የአገራችን ባለሦስት እግር በርጩማ ይበቃል፤ ከአንድ ወጥ እንጨት ስለሚፈለፈል የሚላቀቅ መጋጠሚያ የለውም።

ዙረቱን ለማሳጠር፦

1. የክፍሉን ብቻ ሳይሆን የበሩንም ስፋት ለክተው በወረቀት ይያዙ።

2. ጎረቤት ሥራውን አይቶ ወደሚመሰክርለት አንድ አናጺ ሄደው ለአሁኑ የሚይዙትን የእንጨት ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘዙ። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የእንጨቱ ዓይነት፣ ልኩና የርክክቡ ቀን ይጻፍ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። እኔ በክረምት ያሠራሁት ቁም ሣጥን እንጨቱ በደንብ ያልደረቀ ኖሮ፣ መጀመሪያ በሩ አብጦ አልዘጋ አለኝ፤ በጋ ሲገባ ደግሞ ከማጠፊያው አንሥቶ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። አናጺው ዋንዛ ነው ማለቱ እውነት ነበር፤ ዋንዛም ቢሆን እርጥብ ከሆነ ይጣመማል። ስለዚህ ጣውላው ከግንዱ ተሰንጥቆ ከወጣ ስንት ወር እንደሆነው ይጠይቁ፣ ዕቃውንም ስቱኮና ቫርኒሽ ሳይነካው አንድ ጊዜ ሄደው ይዩት፤ ከተቀባ በኋላ ስንጥቁ አይታይም።