የዘበኛው ሬዲዮ

ልጆቼ፣

የላካችሁልኝን የሁለት ደቂቃ የፊልም መክፈቻ አየሁት። መጀመሪያ በስልኬ፣ ቀጥሎ በልጄ ቤት ትልቅ ቴሌቪዥን፣ በሦስተኛው ደግሞ ድምፁን አጥፍቼ። ድምፅ አጥፍቶ ማየት የፊልም ኤዲተር፣ የአቀናባሪ፣ አመል ነው፤ ሙዚቃ የሸፈነውን ቀዳዳ ሁሉ ያወጣዋል። ስለ ሥራችሁ ጽፋችሁ አብራችሁ የላካችሁትን አራት ገጽ ግምገማም አነበብኩት። "ግምገማ" የሚለውን ርዕስ ሳይ ልቤ ድንግጥ ማለቱን አልደብቃችሁም። በኛ ዕድሜ ግምገማ ተጠራ ከተባለ አንድ ሰው ተነሥቶ ግለ ሂስ ሊያወርድ ነው። የናንተው ግን ማንንም አይነካም። የማይነካ መሆኑ ነው ያስቸገረኝ።

"ብርሃኑን ያደበዘዝነው ውጥረት ለመፍጠር ነው" ይላል። "የገዳዩን ፊት የደበቅነው ውጥረት ለመፍጠር ነው።" ካሜራውን ያዘነበላችሁትም፣ ከቱን (ከአንድ ምስል ወደ ሌላው መዝለሉን) ያፈጠናችሁትም ለዚያው ነው። እስክሪብቶ ይዤ ቆጠርኩ፤ "ውጥረት ለመፍጠር" 9 ቦታ ላይ አለ። ይህ የንብረት ርክክብ ነው። ዕቃው መኖሩን ፈርማችሁ ተረክባችኋል፤ መሥራት አለመሥራቱን ግን አንዳችሁም አልሞከራችሁትም።

መልመጃውን አውቀዋለሁ። በእንግሊዝ አገር የሁለተኛ ደረጃ የሚዲያ ተማሪዎች ለዓመታት ሲሠሩት የኖሩት ነው፤ ገና ያልተሠራ ፊልም መክፈቻ፣ ከነታይትሉ፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ። ሠርተው ሲጨርሱ የሚጠየቁትም የታወቀ ነው፦ የዘውጉን፣ ማለትም የፊልሙን ዓይነት፣ ልማድ ተጠቀማችሁበት፣ አሳደጋችሁት ወይስ ተጋፋችሁት? እናንተ "ተጠቀምንበት" ብላችሁ አለፋችሁ። በመጠቀማችሁ አልቆጣም። ልማድ ማለት እንደ እንቆቅልሽ ጨዋታ ነው፤ አንዱ "እንቆቅልህ" ሲል ሌላው "ምን አውቅልህ" ካላለ ጨዋታ የለም። ጨለማውም፣ የተደበቀው ፊትም "እንቆቅልህ" ማለት ነው። ግን ከዚያ በኋላ እንቆቅልሹ ራሱ መምጣት አለበት። እናንተ ለሁለት ደቂቃ እንቆቅልህ፣ እንቆቅልህ፣ እንቆቅልህ አላችሁን።

እስኪ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጥቁር ስክሪን። የሚንቀጠቀጡ ቀይ ፊደላት። ባለኮፍያ ሹራብ የለበሰ ሰው ጀርባ፣ ጫማው፣ ጓንቱ፣ ቢላዋው። ከዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን የምትነካካ ልጅ። መብራት ይጠፋል። ዘመም ያለ ካሜራ፣ ጩኸት፣ ታይትል። ከዳር እስከ ዳር ከበሮና ሲጥ ሲጥ የሚል ቫዮሊን። የካሜራዋ ልጅ እጇ ጥሩ ነው፤ ጓንቱ የበሩን እጀታ የሚይዝበት ክሎዝ አፕ (የቅርብ ቀረጻ) ላይ ፎከሱ ቅንጣት አልተዛነፈም፣ በዚያ ብርሃን ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። እኔ ግን አንድም ጊዜ አልፈራሁም።

ትሪለር ትሉታላችሁ። እኔ "ልብ አንጠልጣይ" የሚለውን እመርጣለሁ፣ ሥራውን ራሱ ቃሉ ስለሚናገር። አንድ ነገር እንዲንጠለጠል ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ የሚሰቀልበት ሚስማርና ከሥሩ ባዶ ቦታ። ባዶው ተመልካቹ ያላወቀው ነው፤ ሚስማሩ ያወቀው ነው። እናንተ ባዶውን አሰፋችሁ፣ አሰፋችሁ፣ ሚስማር መምታቱን ረሳችሁት። ሰውየውን አላውቀውም፣ ልጅቷን አላውቃትም፣ ቤቱ የማን እንደሆነ አላውቅም። ታዲያ ልቤን ምን ላይ ልስቀለው?

በልብ አንጠልጣይ ፊልሞቹ የታወቀው ዳይሬክተር ሂችኮክ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለትሩፎ የነገረውን ምሳሌ ትምህርት ቤት ሳይነግሯችሁ አይቀርም፤ ቢሆንም ልድገመው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ፤ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ካላወቀ ቦምቡ ሲፈነዳ የሚደነግጠው ለ15 ሰከንድ ነው። ካወቀ፣ ሰባት ሰዓት ላይ እንደሚፈነዳም ከተነገረው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሩብ ጉዳይ ካለ ደግሞ 15 ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ይዞ ይቀመጣል። ያ የሰለቸ የሁለት ሰዎች ወሬ እንኳ ያን ጊዜ ይጥመዋል። የናንተ ጓንት ለባሽ የ15 ሰከንድ ሰው ነው።

አሁን ወደ መብራቱ። መብራት ጠፍቶ ሰው የሚፈራበት ልማድ ከውጭ ፊልም የመጣ ነው፤ እዚያ መብራት ከጠፋ አንድ ሰው ቆርጦታል። አዲስ አበባ ላይ መብራት ጠፋ ማለት መብራት ጠፋ ማለት ነው። አጠገቤ የነበረችው የልጅ ልጄ "እነሱም ሄደባቸው" ብላ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። ይህን ሾት ግን አትጣሉት። ልጅቷ ሻማ ፍለጋ ትነሣ፣ መጋረጃውን ገለጥ ታድርግ፤ የጎረቤት ቤት መብራት ቦግ ብሎ ይታይ። ማዶም አለ፣ ሱቁም አለ። የሄደው የሷ ቤት ብቻ ነው። ቆጣሪው ደግሞ ውጭ ነው፣ የግቢው በር አጠገብ። ይህን ሁሉ የሚናገር አንድ ቃል አያስፈልግም፤ በዚህ ከተማ ያደገ ተመልካች በአንድ ሾት ያነበዋል። ልማዱን መጋፋት ብላችሁ ግምገማው ላይ የምትጽፉት እንዲህ ያለውን ነው።

አልፈርድባችሁም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ገና ወጣት ሳለሁ አንድ የሌሊት ትዕይንት ሰጡኝና፣ ዝም ማለቱ አስፈራኝ። ከውጭ ከመጣ የድምፅ ቴፕ የተኩላ ጩኸት አውጥቼ አስገባሁበት፤ ረዥም፣ እየሳሳ የሚሄድ፣ በጣም የኮራሁበት። ምርቃቱ ዕለት ኋላ ወንበር ተደብቄ የሕዝቡን ፊት እጠብቃለሁ። ተኩላው ጮኸ። ከመካከል አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ "ይሄ ደግሞ የየት አገር ጅብ ነው?" አለ፤ ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የፊልሙ ቀሪ አርባ ደቂቃ አልዳነም፤ ሟች በሞተ ቁጥር ይሳቅ ነበር። እነዚያ ተመልካቾች ግማሾቹ ሌሊት ጅብ ሲጮኽ እየሰሙ ያደጉ ሰዎች ናቸው። የጅብ ድምፅ ፍለጋ ሩቅ መሄድ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ ከከተማው ዳር ማደር ይበቃ ነበር።

ጥሬውን ቀረጻ ሁሉ ላኩልኝ ብዬ ያስቸገርኳችሁ በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው የጣለው ውስጥ ብዙ ነገር ይገኛል። የሳሎኑ ቀረጻ አራተኛው ቴክ (ሙከራ) ላይ ልጅቷ ስልኳን ገና አልያዘችም፤ ሲኒ እያጠበች ረከቦቱ ላይ ትደረድራለች። ከውጭ፣ ከሩቅ፣ የጎረቤት ዘበኛ ሬዲዮ ይሰማል። ኳስ እየተላለፈ ነው። ኮሜንታተሩ ድምፁ እየጨመረ፣ እየጨመረ ይመጣል፣ አንድ ሰው ሳይገፋ አልቀረም፣ ሊመታ ነው... ሬዲዮው ዝም ይላል። ልጅቷ ቀና ትላለች። ሲኒው እጇ ላይ እንዳለ፣ ውሃው ከጣቷ ጠብ ጠብ እያለ፣ ወደ መስኮቱ ታያለች። ጠቅላላው 11 ሰከንድ ነው። ከዚያ አንዳችሁ "ከት! ከት!" ትላላችሁ።

ስጠይቃችሁ ለካ ከናንተው አንዱ ሄዶ "ጋሼ፣ ቀረጻ ላይ ነን" ብሎ አስጠፍቶት ኖሯል። ድምፁ ስላስቸገራችሁ ቴኩን ጣላችሁት፤ የቀረውንም በከበሮ ሸፈናችሁት። ልጆቼ፣ ዘበኛ ጎል ሊገባ ሲል ሬዲዮ አያጠፋም! ይህን ለማወቅ ፊልም መማር አያስፈልግም። ሬዲዮው ከጠፋ ዘበኛው አንድ ነገር ሆኗል። ሚስማራችሁ እሱ ነው፣ ያውም በነጻ የተገኘ። ልጅቷ ቀና ያለችበት ፊት ደግሞ ትወና አይደለም፤ እውነት ግራ ገብቷት ነው። ሁለት ወር ብታለማምዷት አትደግመውም።

አሜሪካዊው ዳይሬክተር ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው "ተች ኦቭ ኢቭል" ላይ የሠራውን መክፈቻ ፈልጋችሁ እዩት። አንድ እጅ ቦምቡን ይሞላል፣ የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይጥለዋል፤ ምንም የማያውቁ ወንድና ሴት ገብተው ይነዳሉ። ካሜራው ሳይቆረጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ በድንበር ከተማው ጎዳና ይከተላቸዋል፤ መኪናዋ መንገደኛ ለማሳለፍ በቆመች ቁጥር እኛ እንሳቀቃለን። ስለ ሾቱ ርዝመት ሁሉም ያወራል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ስቱዲዮው በዚያ ሾት ላይ ታይትሉንና የሄንሪ ማንቺኒን ሙዚቃ ጫነበት። ዌልስ የስቱዲዮውን ቅንብር አይቶ የ58 ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። ያኔ ብዙም የሰማው የለም። እ.ኤ.አ. በ1998፣ እሱ ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ፣ ኤዲተሩ ዋልተር መርች ማስታወሻውን ተከትሎ እንደገና ሲያቀናብረው ታይትሉን ከዚያ ላይ አነሣ፣ ሙዚቃውንም አወጣ። የቀረው የመኪናዋ ሬዲዮና ከየመጠጥ ቤቱ የሚወጣው ዘፈን ነው፤ እየቀረበ፣ እየራቀ። ቦምብ የያዘችው መኪና ከዓይን ብትሰወር እንኳ በሬዲዮዋ ታውቃታላችሁ። ሁለቱንም ቅጂ ጎን ለጎን እዩና ስለ ሙዚቃችሁ ያን ጊዜ እንነጋገር።

ቢላዋውን አውጡት። ተከራክሬ አልጨርስም፣ ዝም ብላችሁ አውጡት። ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 በሠራው "ኤም" መክፈቻ ላይ ሕፃን ትገደላለች፤ ግድያውን ግን አናየውም። እናት ምሳ አዘጋጅታ ሰዓት ታያለች፣ ደረጃው ላይ ሆና ስሟን ትጣራለች። ከዚያ ባዶ ሳህን፣ ከቁጥቋጦ ወጥቶ የሚንከባለል ኳስ፣ ሽቦ ላይ የተያዘ ፊኛ። እናንተ ደግሞ ሲኒ አላችሁ። ልጅቷ የደረደረችው ሦስት ነው፤ ቤት ውስጥ ያለችው ግን እሷ ብቻ ናት። ሁለቱ የማን ናቸው? አስባችሁበት ይሁን ሳታስቡ አላውቅም፤ ካላሰባችሁበት አሁን አስቡበት።

ስለ ልክ አንድ ነገር ልበል። እኔ ሥራ የለመድኩት ፊልም በሚቆረጥበት ዘመን ነው። ሁለት ደቂቃ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም 72 ጫማ ነው፤ 2,880 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል። በእጅ ስትይዙት ከቁመታችሁ አሥር እጥፍ በላይ የሚረዝም ነገር ነው፤ እያንዳንዷን ቁራጭ በምላጭ ቆርጠን በቴፕ ስለምንቀጥል አንድ ከት ለመጨመር ሰው ሁለት ጊዜ ያስባል። እናንተ በዚያችው ሁለት ደቂቃ 61 ከት አላችሁ። ከቱ በፈጠነ ቁጥር ዓይን ይጠመዳል፣ ልብ ግን ጊዜ አያገኝም። 11 ሰከንዱን ሳትነኩ አስገቡት። "ረዘመ" ይሏችኋል። ይበሏችሁ።

ታይትሉ ነጭ ይሁን፣ አይንቀጥቀጥ፣ የሰውን ፊት አይሸፍን። በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

ግምገማውን ደግሞ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣችሁ አትጻፉት። ፊልም የማታጠና አንዲት አክስት ፈልጉ፤ ወይ ሰፈራችሁ ሻይ የምታፈላዋን ሴትዮ። አስፈቅዳችሁ አሳዩአቸው፣ አስቀድማችሁ ምንም አታውሩ፣ ስክሪኑን ትታችሁ እጃቸውን እዩ። ነጠላቸውን ጨበጥ ያደረጉት የት ላይ ነው? ስልካቸውን ያዩትስ? ሲያልቅ "ፈሩ ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለይሉኝታ ብለው "አዎ፣ ጎበዞች" ይሏችኋል። "አሁን ምን ሊመጣ ነው ብለው ነበር?" በሏቸው። የሚመልሱላችሁን ቃል በቃል ጻፉት። "ኧረ ያ ዘበኛ ምን ሆነ?" ካሏችሁ መክፈቻችሁ ሠርቷል። "እኔ እንጃ ልጄ፣ ጨለማ ነው" ካሏችሁም ያንኑ ሳታሽሞነሙኑ አስገቡት፤ እኔ አስተማሪያችሁ ብሆን ለዚያች ዓረፍተ ነገር ከአራቱ ገጽ የበለጠ ነጥብ እሰጥ ነበር።

ጓንቱ እጀታውን የያዘበት ሾት ይቆይ፤ ቦታው ግን ከሬዲዮው በኋላ ነው። ከፊቱ ስታስገቡት የማንም እጅ ነው፤ ከኋላ ከመጣ ያን ሬዲዮ ያጠፋው እጅ ነው። ሁለቱንም አደራደር ሞክሩና አምጡልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፣ ቡና አለ። ብቻ የላፕቶፑን ባትሪ ሞልታችሁ ኑ፤ ሰፈራችን ቅዳሜ ቅዳሜ መብራት ይሄዳል፣ የሁላችንም።