የአባት ሲኮ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዛሬው ዓምድ ስለ አንድ የእጅ ሰዓት ብቻ ነው። ጀርባው ላይ 6309-7040 ተብሎ የተቀረጸበት፣ መሙያው አራት ቁጥር አጠገብ ያለ፣ ወፍራም የጠላቂዎች ሲኮ ነው።

«አባቴ ጅዳ ሲሠሩ የገዙት ሲኮ እኔ ጋ ደርሷል። ዕለቱን በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ያሳያል። ሳወዛውዘው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሄድና ይቆማል፤ መሙያውን ባዞረውም አይሞላም። የስንት ዓመት ዕቃ ነው? ተበላሽቷል ማለት ነው?» አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

በመሙያው አለመሙላቱ ብልሽት አይደለም። የ6309 ማሽን ሲፈጠርም በእጅ አይሞላም፤ የሚሞላው ክንድ ሲንቀሳቀስ ውስጡ ያለው ግማሽ ክብ ብረት እየዞረ ነው። ሰዓት ለማስተካከል መሙያውን ሲስቡ ሰከንድ ቆጣሪው አለመቆሙም ጤነኛነቱ ነው። የሚያቆመው ለጃፓን ገበያ የተሠራው ወንድሙ 6306 ነው።

ዕድሜውን ከጀርባው ያገኙታል። ከስድስቱ ተከታታይ ቁጥሮች የመጀመሪያው የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ነው፤ ሁለተኛው ወሩ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያሉት የፈረንጅ ወሮች ግን በቁጥር ፋንታ ኦ፣ ኤን እና ዲ በሚሉት የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ። ይህ ሞዴል የተመረተው ከ1976 እስከ 1988 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ፣ በ3 የሚጀምር ከሆነ ያለ ጥርጥር የ1983 ነው። በ6፣ በ7 ወይም በ8 ከጀመረ አሥር ዓመት ወደፊትም ወደኋላም ሊሆን ይችላልና የግዢ ደረሰኝ ካለ ይፈልጉ።

ሁለት ሦስት ደቂቃ ሄዶ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ስለሆነ ነው። አሁኑኑ ማወዛወዝዎን ያቁሙ። ያለ ዘይት የሚዞር ዘንግ መቀመጫውን ይሞርዳል። ማሽኑ 17 የሩቢ ድንጋይ ቢኖረውም፣ ሞላው የተጠቀለለበት ከበሮ ዘንግ የሚዞረው በባዶ ብረት ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ያ ቀዳዳ ክብነቱን አጥቶ ዕንቁላል ከመሰለ ጥገናው ከእጠባና ከዘይት ያለፈ ይሆናል።

«ሰዓት ሰሪው "ሳልፈታው በቤንዚን አጥቤ ዘይት አደርግበታለሁ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሰደው" አለኝ። ይበቃል?» አንባቢ፣ ከሐዋሳ

አይበቃም። ቤንዚኑ የደረቀውን ዘይት ያቀልጥና ቆሻሻውን ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው ይወስደዋል። ማሽኑ ለጥቂት ወራት ቀጥ ብሎ ይሄድና ተመልሶ ይቆማል፤ በዚያን ጊዜ የተበላው ብረት ይበዛል።

ሙሉ ሥራ ማለት ማሽኑ ከቀፎው ወጥቶ፣ ሞላው ጭምር ከከበሮው ወጥቶ፣ እያንዳንዱ ጥርስ ለብቻው ሲታጠብ ነው። በአልኮል ማጠብ የሚወድ ሰዓት ሰሪ ካጋጠመዎት አንድ ነገር ይጠይቁት፤ «ሹካዋንስ በምን ታጥባለህ?» ሹካዋ ጥርሶቹን ከባላንሱ (ወዲያ ወዲህ ከሚወዛወዘው ክብ) ጋር የምታገናኝ ትንሽ ብረት ናት። ሁለቱ ትንንሽ ሩቢ ድንጋዮቿ የተጣበቁት ሼላክ በሚባል ሙጫ ነው፤ ሼላክ በአልኮል ይሟሟል። «አልኮል ውስጥ እዘፈዝፋታለሁ» ካለዎት ሰዓቱን ይዘው ይውጡ።

ዘይቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ለባላንሱና ለፈጣን ዘንጎች ቀጭኑ 9010 (ቁጥሮቹ ሞቢየስ የሚባለው የሰዓት ዘይት ዓይነቶች ናቸው)፣ ዝግ ብለው ለሚዞሩትና ጫና ለሚበዛባቸው ወፍራሙ ዲ5 ወይም ኤችፒ1300፣ ለሹካዋ ድንጋዮች 9415 ይሆናል። የሹካዋ ዘንግ ግን ምንም አይቀባም። ለከበሮው ውስጠኛ ግድግዳ 8217 ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የአውቶማቲክ ሰዓት ሞላ ሲሞላ ጫፉ ግድግዳው ላይ መንሸራተት አለበት፤ ግን በልክ። ተራ ዘይት ከተቀባ ሞላው ሳይሞላ ቶሎ ይንሸራተታል፤ ቀን ሙሉ ያሰሩት ሰዓት ሌሊት ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። በደንብ የተሠራ 6309 ሞልቶ ካወለቁት 40 ሰዓት ገደማ ይሄዳል። የወሰዱት ዕለት ይህን ይፈትኑ።

«ቀፎው ተጫጭሯል፣ ፊቱም ቢጫ ሆኗል። ፖሊሽ ላስደርገውና የሚያበራውን ቀለም ላስቀይረው?» አንባቢ፣ ከሪያድ

ሁለቱንም ባያደርጉ እንመርጣለን። የዚህ ቀፎ ላይኛው ፊት የተቦረሸ ነው፣ ጎኑ ደግሞ የሚያብለጨልጭ። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ስለት ያለው ነው። በሚሽከረከር ጨርቅ ፖሊሽ ሲደረግ መጀመሪያ የሚሞተው ያ መስመር ነው፤ ቀፎው የተላሰ ከረሜላ ይመስላል፤ የሄደው ብረት ደግሞ አይመለስም። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ባዶ ቀፎውን ማጠብ ብቻውን ይገርምዎታል። ማሽኑ ውስጡ እያለ ግን ውሃ አያስነኩት።

ፊቱን ከመንካትዎ በፊት ከታች፣ በአምስትና በሰባት ቁጥር መካከል ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ፤ በ6309 መጀመር አለበት። ካልጀመረ ፊቱ ከዚህ በፊት ተቀይሯል። ዋናው ከሆነ ቢጫነቱን ይተዉለት። የሚያበራው ቀለም እየተሰነጠቀ ከረገፈ ብቻ እንዳይበተን ከሥሩ ይጠናከር፤ የረገፈው ዱቄት ማሽኑ ውስጥ ይገባልና።

የሚሽከረከረውን ቀለበት ራስዎ ሊያነሱ ካሰቡ ሰዓቱን ግልጽ ፌስታል ውስጥ አስገብተው ያንሱ። ከሥሩ «ጠቅ ጠቅ» የምታደርገው የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል የብረት ኳስና ሞላዋ አለች። ፌስታል ከሌለ ምንጣፍ ውስጥ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ቀለበቱ እንደ ባዶ ጎማ ይዞራል።

«ፊቱ ላይ 150 ሜትር ይላል። ከተጠገነ በኋላ ባሕር ውስጥ ይዤው ልግባ?» አንባቢ፣ ከቴል አቪቭ

150 ሜትሩ የተጻፈው ለአዲስ ጎማ ነው። ውሃ የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው፤ የጀርባ ክዳኑ፣ መስታወቱና መሙያው። የክዳኑንና የመስታወቱን ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) መቀየር ቀላል ነው፤ ስስ የሲሊኮን ቅባት ይቀባል። ቫዝሊን አይሆንም፣ አንዳንድ ጎማ ያሳብጣል። አስቸጋሪው መሙያው ነው። የእሱ ጎማ በብዛት ከብረት ዋሸር ኋላ ታፍኖ ስለሚቀመጥ ብዙ ሰዓት ሰሪ «ቀይሬዋለሁ» ብሎ ሳይነካው ያልፋል። መሙያው ሲጠብቅ የሚይዝበት ጥርስ ከተበላም ጎማው አዲስ መሆኑ ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ በአየር ግፊት፣ በደረቁ ይፈተን። ቀጥሎ በውሃ፦ ሰዓቱ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ለጥቂት ደቂቃ ግፊት ይሰጠዋል፣ ከዚያ ይጠልቅና ግፊቱ ቀስ ብሎ ይለቀቃል። አየር ገብቶ ከነበረ በአረፋ መልክ ሲወጣ ይታያል፤ በዚያ ቅጽበት ሰዓቱ ከውሃው መውጣት አለበት። ቤት ውስጥ ደግሞ 40 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ካሞቁት በኋላ መስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ያኑሩና ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይጥረጉት። ከውስጥ በኩል ጉም ካዩ ርጥበት ገብቷል።

ፈተናውን ቢያልፍም ለእጅ መታጠቢያና ለዝናብ እንጂ ለጥልቀት አያውሉት። ሙቅ ሻወርም አይወድም። ማሰሪያው 22 ሚሊሜትር ነው፤ የሚይዙት ፒኖች ግን ወፍራሞቹ፣ 2.5 ሚሊሜትር ይሁኑ። ቀጭን ፒን ቀዳዳው ውስጥ ይጫወትና አንድ ቀን ሰዓቱን ይጥልብዎታል።

«በሐበሻ ሰዓት ብሞላው ቀኑ መቼ ይቀየራል?» አንባቢ፣ ከደሴ

ጠቋሚዎቹ 12 ላይ ሲደርሱ፣ ግን በ24 ሰዓት አንዴ ብቻ። ቀኑ እስኪዘል ጠቋሚዎቹን ያዙሩና ያንን 12 ንጋት ያድርጉት። ቀንና ዕለት በፍጥነት ሲቀይሩ ጠቋሚዎቹን መጀመሪያ 6 ላይ ያቁሙ፤ በ9 እና በ3 መካከል ሲሆኑ ጥርሶቹ ተያይዘው ስለሚሆን ሊሰበሩ ይችላሉ። በሐበሻ ቀን ከያዙት ከ30 ቀጥሎ 31 ይመጣል፤ አንድ ቀን ያዝልሉት። ጳጉሜን ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፦ ከ5 በኋላ 6 ሲል ወደ 1 ለመመለስ 26 ጊዜ ጠቅ ማድረግ ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ዓመት 25።