አንዱ ይነቀል አንዱ አይነቀል ላሉህ

አንዱ ሐኪም ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ከመታሰሩ በፊት 4 ጥርስ ይነቀል፣ ሌላው ሳይነቀል ይሆናል አለኝ፣ ማንን ልመን ላልከው፣ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ እኮ። መጀመሪያ የሚታየው ጥርሶቹ ተስተካክለው ለመደርደር ስንት ሚሊሜትር ቦታ ጎደለ የሚለው ነው፣ እስከ 4 ምናምን ከሆነ ብዙ ጊዜ ሳይነቀል ይስተካከላል፣ የጥርሶቹን ጎን ትንሽ ትንሽ ሞረድ አድርገውም ቦታ ያወጣሉ፣ ከ10 ካለፈ ግን መንቀሉ አይቀርም ማለት ይቻላል። የሚያጨቃጭቀው መሀል ላይ ያለው ነው። እዛ ላይ ፊትህን ከጎን ያዩታል፣ ከንፈርህ ወደፊት የወጣና ካልታገልክ የማይገጥም ከሆነ ከክራንቻ ቀጥሎ ያሉትን ነቅሎ የፊቶቹን ወደ ውስጥ መሳብ ያምራል፣ ድሮውንም ገባ ያለ ከሆነ ግን የባሰ ጠፍጠፍ ሊል ይችላል። ደግሞ ድድህ ስስ ከሆነ ሳይነቅሉ ጥርሱን ወደ ውጭ መግፋት ድዱን ሊያሸሸው ይችላል (ይሄን ብዙ ሰው አይጠይቅም)። እኔ ብሆን ሁለቱንም ሐኪሞች የጎን ኤክስሬይና የጥርሱን ሞዴል አስቀምጣችሁ ቁጥሩን አሳዩኝ ነው የምላቸው፣ አፍህን ከፍቶ አይቶ ብቻ ይነቀል ያለህ ካለ ግን አትቸኩል፣ የተነቀለ አይመለስም። ሪቴይነሩ (ብሬሱ ከወጣ በኋላ ጥርሱ ወደ ድሮው እንዳይመለስ የሚደረገው) እንደሆነ በሁለቱም መንገድ አይቀርልህም።