የሰፈር ቡድን ሊግ ሲገባ ታዳጊዎቹን ማን ይያዛቸው?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ከ15 ዓመት በታች ልጆችን ሰብስባችሁ ጀመራችሁ። ልጆቹ አደጉ፣ ዋና ቡድን ሆኑ። አሁን አንድ ነጋዴ «ማልያውንም ትራንስፖርቱንም እኔ እችላለሁ፣ ሊግ ግቡ» ብሏችኋል። እንግባ ወይስ እንቆይ ነው ጥያቄህ። እኔ በከተማዋ ሌላኛው ጫፍ፣ ከኮተቤ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ አካባቢ፣ እንዲህ ባለ ክለብ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከልጆች ፕሮጀክት ተነስተን ለተጫዋች እስከምንከፍልበት ውድድር ደርሰናል። ያየሁትን ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል።

መልሴን ላስቀድም። ግቡ። ግን ከመግባታችሁ በፊት የታዳጊዎቹን ገንዘብ፣ የታዳጊዎቹን አሰልጣኝና የሜዳ ሰዓታቸውን ከዋናው ቡድን ለይታችሁ በጽሑፍ አስፍሩ። ይህን ሳታደርጉ ከገባችሁ ዋናው ቡድን ልጆቹን ይበላቸዋል። ክፉ ሰው ስላለ አይደለም። እሁድ ጨዋታ አለ፣ አውቶቡስ መከራየት አለበት፣ ዳኛ አበል ይጠብቃል። የልጆቹ ኳስ ግን «በሚቀጥለው ወር ይገዛል» ይባላል። የሚቀጥለው ወርም እንደዚያው ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ፕሮጀክቱ ይከስማል፣ ከታች የሚመጣ ተጫዋች ይጠፋል፣ ከዚያ ተጫዋች መግዛት ይጀመራል። ለመግዛት ደግሞ የሰፈር ክለብ አቅም የለውም።

በእኛ በኩል ያዳነን አንድ ውሳኔ ነው። ከማንኛውም ገቢ፣ ከአባላት መዋጮም ይሁን ከስፖንሰር፣ አንድ ሦስተኛው በቀጥታ ወደ ታዳጊዎች ሂሳብ ይገባል። የተለየ የባንክ ደብተር ነው። ሦስት ፈራሚ አለው፣ ከሦስቱ አንዷ የልጆች እናት ናት። ዋናው ቡድን ቢቸገር እንኳ ከዚያ ሂሳብ መበደር አይቻልም። ብዙ ጊዜ ተጨቃጭቀንበታል። አሰልጣኙ «ለአንድ ጨዋታ ብቻ» ብሎ ለምኗል። እናትየው አልፈረመችም፣ አበቃ። ዛሬ ከዋናው ቡድን ተሰላፊዎች አብዛኞቹ በዚያ ገንዘብ ኳስ የተገዛላቸው ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ክፍያ ነው። ለተጫዋች የመጀመሪያውን ብር የምትሰጡበት ቀን ክለባችሁ ይለወጣል። መጀመሪያ የታክሲ ይባላል። ቀጥሎ ላብ መተኪያ ይሆናል። ቀጥሎ «እሱ ስንት ነው የሚያገኘው?» ይመጣል። ያኔ መልበሻ ቤት ውስጥ ያለው አየር ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ የሠራው መንገድ እኩል መክፈል ነው። ለዕለቱ ጨዋታ ስሙ የተያዘ ሁሉ፣ ተቀያሪው በረኛም ጭምር፣ አንድ ዓይነት ላብ መተኪያ ያገኛል። ጎል ላገባ የተለየ ጉርሻ የለም። ደጋፊ ከኪሱ ሊሸልም ይችላል፣ ክለቡ ግን አይከፍልም። አጥቂዎቻችን መጀመሪያ አልወደዱትም። ቆይተው ግን ጎል የሚሆነውን ኳስ ላቀበለውም ኩራት ሆነ።

በአቅራቢያችን የነበረ አንድ ክለብ በሌላ መንገድ ሄደ። ገንዘብ ሲገኝ ከሌላ ቦታ የፊርማ እየከፈለ ተጫዋች አመጣ። ውጤቱ ለአንድ የውድድር ዓመት ተሻሻለ። ነገር ግን የሰፈሩ ልጆች ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እናትና አባት፣ የሰፈር ጓደኛ፣ የትምህርት ቤት ልጅ ሜዳ የሚመጣው የራሱን ልጅ ለማየት ነበርና ተመልካቹ ሳሳ። ስፖንሰሩም ሰው የማያይለትን ማስታወቂያ ምን ያደርግለታል? ተወው። ከውጭ ተጫዋች አታምጡ እያልኩ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ልምድ ያላቸው ሰዎች ልጆቹን ያረጋጋሉ። በተለይ መሐል ተከላካይና በረኛ ቦታ ላይ ጎልማሳ ሰው ይጠቅማል። ከዚያ በላይ ግን የሰፈሩ ቡድን መሆናችሁ ይቀራል።

ስለ ነጋዴው ደግሞ። መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፣ አልጠራጠርም። ግን በቃል አትቀበሉት። ለስንት ዓመት ነው? በዓይነት ምን ይሰጣል፣ በጥሬ ገንዘብ ምን ይሰጣል? ማልያው ላይ ስሙ በየት በኩል ይጻፋል? በተጫዋች አሰላለፍ ውስጥ ድምፅ አለው ወይስ የለውም? የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ ጻፉት። እኛን ይደግፉን ከነበሩት አንዱ የዘመዱ ልጅ እንዲሰለፍ መጠየቅ ጀመረ። ውሉ ላይ «በስፖርታዊ ውሳኔ አይገባም» የሚል አንቀጽ ስለነበረ ያለ ጠብ ተነጋግረን አለፍነው። አንቀጹ ባይኖር ኖሮ አሰልጣኙን እናጣ ነበር።

ደግሞ አንድ ሰው ላይ አትንጠልጠሉ። በአገራችን ከላይ ያሉት ክለቦች እንኳ አብዛኞቹ የሚኖሩት በመንግሥት ተቋም ወይም በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። ከፍታ ላይ መውጣትና እዚያ መቆየት ይለያያሉ። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንስቶ በ2011 ወረደ። ለእኛ ሰፈር ቅርብ የሆነው ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ፕሪሚየር ሊግ ደርሶ በዚያው ዓመት ተመለሰ። የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። እኔ የምለው፣ እነሱ ያልቻሉትን አንድ የሱቅ ባለቤት ብቻውን አይችለውም። እድራችሁን ያዙ። እድር ድንኳንና ወንበር አለው፣ ሽማግሌ አለው፣ በየወሩ የሚሰበሰብ ሰው አለው። ከየአባሉ በወር ትንሽ ብር ለታዳጊዎች እንዲጨመር በጉባኤ ካስወሰናችሁ፣ ነጋዴው ቢሄድም ልጆቹ ኳስ አያጡም።

ወጪውን ሳታውቁት አትግቡ። ከከተማው ፌዴሬሽን ውድድሮች ስትጀምሩ መመዝገቢያ፣ የዳኛ አበል፣ የቅጥቅጥ ኮንትራት፣ ከጨዋታ በኋላ የሚበላ ነገር፣ የወጌሻ ክፍያና የመድኃኒት ሳጥን አለ። ይህ የሰፈር መዋጮ ሊሸከመው የሚችል ወጪ ነው። ከዚያ በላይ፣ ወደ ክልል ክለቦች ሻምፒዮናና ወደ አንደኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊግና ከከፍተኛ ሊግ በታች ያለው ነው) ስታስቡ፣ ሂሳቡ ሌላ ነው። ቡድኖች አንድ ከተማ ላይ ተሰባስበው በሚጫወቱበት ጊዜ ሆቴል፣ ምግብና አበል ለሳምንታት ይታሰባል። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የእናንተ ተጫዋቾች ቀን ምን ይሠራሉ? የእኛዎቹ አንዱ የታክሲ ረዳት ነው፣ አንዱ ፌሮ ያስራል፣ አንዱ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ነው። ልምምዳችን ከንጋቱ 12 ሰዓት የሆነው ለዚህ ነው። ለሳምንታት ከከተማ የወጣ የቀን ሠራተኛ ሲመለስ ሥራው አይጠብቀውም። ላብ መተኪያው ያንን አይሸፍንም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት እያንዳንዱን ተጫዋች ለብቻው ጠይቁ። አሠሪው ከፈቀደ ጥሩ። ካልፈቀደ ልጁን በክለብ ስም እንጀራውን አታሳጡት።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አሰልቺ ነው፣ ግን ዋጋው ትልቅ ነው። መተዳደሪያ ደንብ አውጡ፣ በስፖርት ጽሕፈት ቤት በኩል ሕጋዊ ሁኑ፣ ልጆቹን በፌዴሬሽን አስመዝግባችሁ ቴሴራ፣ ማለትም የተጫዋች መታወቂያ፣ አውጡላቸው። ትልልቆቹን ብቻ አይደለም፣ ትንንሾቹንም። ምክንያቱን ልንገርህ። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች በውል ላይ እያለ ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዛወር፣ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ያሉት አራት የውድድር ዓመታት ለእያንዳንዳቸው ከዝውውሩ ዋጋ 0.25 በመቶ ይደርሳቸዋል፣ ከ16 ጀምሮ 0.5 በመቶ። ልጁ አራቱንም ዓመት እናንተ ጋ ካሳለፈ 1 በመቶ ማለት ነው። በ100,000 ዶላር ዝውውር 1,000 ዶላር። ለትልቅ ክለብ ምንም ነው፣ ለእናንተ የስንት ዓመት ኳስና ማልያ ነው። ክፍፍሉ የሚሠራው ግን በፌዴሬሽን መዝገብ ላይ ባለው የተጫዋች ታሪክ ነው። ልጁ እናንተ ጋ እንዳደገ ሰፈሩ ሁሉ ቢመሰክር፣ መዝገብ ላይ ከሌላችሁ አልነበራችሁም። ይህ ገንዘብ እንዲደርሳችሁ ደግሞ ደላላ ልጁን በቃል ይዞት እንዳይሄድ መልቀቂያ በጽሑፍ ስጡ፣ ቅጂውን አስቀምጡ።

ስለ ዕድሜ አጥብቄ እለምንሃለሁ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ የእናንተ ልጆች ብዙዎቹ የልደት ሰርተፍኬት ያወጡት አድገው ነው። አንዳንድ አሰልጣኝ ይህን ክፍተት ተጠቅሞ ሁለት ሦስት ዓመት ይቀንሳል። ልጁ ከትንንሾች ጋር እየተጫወተ በጉልበት ያሸንፋል፣ ኳስ ሳይማር ይቀራል። ከእሱ በታች ያለው እውነተኛ የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ ቦታ ያጣል። ቀጥሎም ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራ ዕድሜው እንዲለይ የእጅ አንጓው በኤምአርአይ ይታያል። ፊፋ ይህን ምርመራ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ይጠቀምበታል። እዚያ ደርሶ መመለስ ልጁን ይሰብረዋል። እኛ ጋ ወላጅ ራሱ ቀርቦ ሳይፈርም ዕድሜ አይመዘገብም። ተሸንፈን የምንወጣባቸው ጨዋታዎች አሉ፣ እንሸነፋለን።

ሜዳውን ረስተኸዋል፣ ጥያቄህ ውስጥ አላየሁትም። የእናንተ አካባቢ መረሬ አፈር ነው። በክረምት ታኬታው ጭቃ ይዞ አይነሳም፣ በበጋ ይሰነጣጠቅና ቁርጭምጭሚት ያጣምማል። አሸዋና ገረጋንቲ ከማልበስ በፊት የውኃ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ፣ ከሁሉም የሚቀድመው እሱ ነው። ርዝመቱንም ለኩት። ለአዋቂ ውድድር ቢያንስ 90 ሜትር ይፈለጋል፣ የሰፈር ሜዳ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ከሁሉ በላይ ግን ቦታው በማን ስም ነው? በከተማ ዳር ባዶ ሜዳ ባዶ ሆኖ አይቆይም። ዛሬ ልጆች የሚሮጡበት ነገ ቆርቆሮ ይታጠራል። በፕላን ላይ የስፖርት ማዘውተሪያ ተብሎ መያዙን ወረዳው ሄዳችሁ አረጋግጡ፣ ካልተያዘም የነዋሪ ፊርማ አሰባስባችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ሊግ ከመግባታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ፣ ምክንያቱም ውድድር ከተጀመረ በኋላ ለዚህ ጊዜ የሚኖረው ሰው የለም።

«ትንሽ ሰፈር ነን» ያልከውን አልቀበለውም። ቅዱስ ጊዮርጊስን በ1928 ዓ.ም. የመሠረቱት የአራዳ ልጆች ናቸው። ግን እነሱን ለመሆን አትቸኩሉ። አንድ ዓመት በከተማው ውድድር ተጫወቱ፣ ሂሳቡን በየወሩ ለወላጆች አንብቡ፣ የታዳጊዎቹ ደብተር ሳይነካ ዓመቱ ካለቀ ቀጣዩን ደረጃ አስቡ። ከተነካ እዚያው ቆዩ።

የእኛን መተዳደሪያ ደንብና ከስፖንሰር ጋር የምንፈራረምበትን ውል ልልክልህ እችላለሁ። ስሞቹን ሰርዤ ነው የምልከው፣ እናንተ ለራሳችሁ ቀይሩት። የነጋዴው ውል ከመፈረሙ በፊት ግን ረቂቁን እዚሁ ብታስቀምጠው፣ ከእኔ የተሻለ ሕግ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፣ ያዩላችኋል።