ኬንት ላይ ሎሚ ልትከል ላልሽው እህት

እህቴ፣ ኬንት ቤት ገዝተሽ «ባክያርዱ ላይ የአገራችንን ሎሚ ልትከል ወይስ ብርቱካን፣ የሲያትልን ብርድ የቱ ይችላል» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም፣ እኔም ሬንተን ቤት የገዛሁ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብኩት ይሄንኑ ነበር።

1. የአገራችንን ሎሚ መሬት ላይ እንዳትተክዪ። እዚህ አገር «ኪ ላይም» (key lime) የሚሉት እሱን ነው፣ ውርጭ ትንሽም አይችልም። ብርቱካንም ይቅርብሽ፣ ዛፉ ቢተርፍልሽ እንኳን የኛ ሰመር ሙቀቱ አይበቃውምና ፍሬው አይጣፍጥም። ሎሚ ግን ኮምጣጣ ቢሆን ምን ቸገረን፣ ለዛ ነው ሜየር የሚባለውን የሎሚ ዓይነት በፖት ያዢ የምልሽ። የግድ መሬት ላይ ካልሽ ዩዙ የሚባለው የጃፓን ኮምጣጣ ፍሬ ወይም ኦዋሪ የሚባለው ሳትሱማ መንደሪን፣ እሱም ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ተጠግቶ።

2. ስትገዢ ግራፍቱን እዪ። ከታች የሌላ ዛፍ ስር ነው፣ ከላይ ያንቺ ሎሚ የተገጠመበት፣ ግንዱ ላይ ጠመም ያለች ቦታ ታገኛለሽ። ይሄን የሚነግርሽ ሰው የለም፣ እኔ ከአንድ ነርሰሪ ትልቅ የላይም ዛፍ በ120 ዶላር ስገዛ ልጁ «ውጪ ይከርማል፣ አታስብ» ብሎኝ ነው የተከልኩት። ዲሴምበር 2022 መንገዱ ሁሉ በረዶ ግግር የሆነ ጊዜ ከ20 ፋራናይት በታች ወርዶ ዛፌ ደርቆ ቀረ። ሪሲቴን ይዤ ሄድኩ፣ ማናጀሯ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «አጠጣጡን አላወቅክበትም» አለችኝ፣ ሰው ቆሞ እየሰማ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዛ በስፕሪንግ ከስሩ ቡቃያ ወጣ፣ በደስታ አለቀስኩ ማለት ይቻላል፣ ማዳበሪያ በላይ በላይ፣ እንደ ልጅ ነው የያዝኩት። የጃንዋሪ 2024ን ብርድ ሳይሸፈን ሲያልፍ ደግሞ ለማያውቀኝ ሰው ሁሉ አወራሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ! አንድ ቀን ጎረቤቴ የቬትናም ሽማግሌ ቅጠሉን ቆርጠው አሳዩኝ፣ ሦስት ቅጠል ባንድ ዘንግ፣ እሾሁ የጣት ርዝመት፣ ዊንተር ሲገባ ቅጠሉን የሚያራግፍ። ሎሚው ከግራፍቱ በላይ ያኔውኑ ሞቷል፣ ያሳደግኩት የስሩን ዛፍ ነበር፣ ትራይፎሊየት ይሉታል፣ ብርድ አይፈራም ፍሬው ግን መራራ ነው አይበላም። ስለዚህ ከግራፍቱ በታች ሦስት ቅጠል ያለው ነገር ስታዪ ወዲያው ንቀዪው፣ እንዳታዝኚለት።

3. ዊንተር ላይ ፖቱን ሳሎን ሂተር አጠገብ አታስገቢ፣ አየሩ ይደርቅና ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ነፍሳት ይወርሩታል። እኔ መስኮት ያለው ጋራዥ ውስጥ ነው የማከርመው፣ 45 ፋራናይት አካባቢ፣ ውሃ አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ብቻ። ስሩ ቀዝቅዞ ሳለ ላዩን ብዙ ፀሐይ ከመታው ቅጠሉን ያረግፋል፣ እሱንም አይቼዋለሁ። አሁን ግን ሜየሬ ባለፈው ጥምቀት 14 ፍሬ ሰጠኝ፣ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ዓሣ ላይ ጨምቄላት «ሽታው ሎሚ ነው፣ አኮማተሩ ግን የኛን አያህልም» አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ ሜየር ለስለስ ይላል። ጋራዡ ግን አበባ ሲይዝ ሲገባ ያለው ሽታ፣ ምን ልበልሽ።

እናትሽ ችግኝ በሻንጣ ያምጡልኝ ያልሽውን ተዪው፣ ያለ ፈቃድ አይገባም፣ ኤርፖርት ላይ ወስደውባቸው ሴትየዋ ይሸማቀቃሉ። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ግዢ፣ ከመክፈልሽ በፊት የግንዱን ታችኛውን ክፍል ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አይቼ እነግርሻለሁ።